የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት፦ ትምህርት ቢሮውን እንዴት ነው የምናሳምነው? (ድሬዳዋ)

የሳይንሷ መምህርት

ሰላም የድሬ ልጆች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 7ኛና 8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። ዓምና ጥቅምት ላይ ከአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ጋር ሆነን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ባዶ ቦታ አራት መደብ አወጣን። ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ቲማቲም። ቦታው የድንጋይና የፌስታል መቃብር ነበር። ፌስታሉን ለቅሞ ለመጨረስ ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

ነገሩ ካሰብኩት በላይ ሠራ። ስለ ፎቶሲንተሲስ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የሚያንቀላፉት ልጆች፣ አንድ የቆስጣ ቅጠል በጥቁር ፌስታል ሸፍነን ከሳምንት በኋላ ስንገልጠው ገርጥቶ ሲያዩት "ቲቸር የቃሪያውንም እንሸፍን፣ የቲማቲሙንም" እያሉ መከራዬን አሳዩኝ። የሒሳብ መምህሩም ሰምቶ መጣና የመደቦቹን ስፋትና ዙሪያ አስለካቸው። አንዷ ልጅ ቤቷ ሄዳ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ቆስጣ ተክላ እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው አመሰገኑኝ። እስካሁን ጥሩ ነው አይደል?

ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ውሃ፣ አጥርና የሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲፈቀድልን ለቢሮ ጻፍን። "ይታያል" ተባልን። ስመላለስ አንዱ ባለሙያ "ይሄ የግብርና ሥራ ነው፣ ወደ እነሱ ሂጂ" አለኝ። ግብርና ስሄድ "ትምህርት ቤት የትምህርት ቢሮ ነው፣ እኛ አንገባም"። በቃ ኳስ ሆንኩ። በመሀል ርዕሰ መምህሩ ተቀየረ። አዲሱ ክፉ ሰው አይደለም ግን ስለ ጓሮው የሚያውቀው ነገር የለም። ክረምት ሲዘጋ ደግሞ ፍየል ገባ። መስከረም ላይ ስንመለስ የቀረችው አንዲት የቃሪያ ግንድ ናት፣ እሷም ተግጣ።

ዘንድሮ ልጆቹ "መቼ ነው የምንጀምረው" እያሉ ነው። እኔ ግን በራሴ ኪስ ዘር እየገዛሁ፣ ውሃ ከጥበቃው ጋር እየተጨቃጨቅሁ መቀጠል አልችልም። ጥያቄዬ፦ ቢሮውን ምን ይዤ ልሂድ? ማንን ላናግር? የተሳካለት ካለ እባካችሁ።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር

ልጄ፣ ጎበዝ። በክላስተር ሱፐርቫይዘርነት ብዙ ዓመት ሠርቼ ነው የወጣሁት፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ የነበረው ሰው ምን እንደሚያስብ ልንገርሽ።

ደብዳቤሽ የተቀበረው ሰውየው ጓሮ ጠልቶ አይደለም። መቼ ነው የጻፍሽው? በጥርና በየካቲት ከሆነ የዚያ ዓመት በጀት አልቋል። በጀት ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። ትምህርት ቤቶች ዕቅዳቸውን የሚያዘጋጁት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ዕቅድ ውስጥ ያልገባ ነገር በኋላ ምንም ቢያምር ባለሙያው "ይታያል" ከማለት ሌላ ምንም ማድረግ አይችልም። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።

ስለዚህ ከቢሮ አትጀምሪ። ከራስሽ ግቢ ጀምሪ። ወተመህ አላችሁ አይደል? የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ተሰብስቦ "ጓሮው የትምህርት ቤቱ ነው" ብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ፊርማ፣ ማኅተም። ርዕሰ መምህር ይቀየራል፣ አንቺም ትቀየሪ ይሆናል፣ ቃለ ጉባኤ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ቀጥሎ በትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ ውስጥ አንድ መስመር ትሁን። "የመማር ማስተማር ግብዓት" በሚለው ሥር። "ጓሮ አትክልት" ብለሽ ለብቻው ካስገባሽው የመጀመሪያው ተሰራዥ እሱ ነው። "የሳይንስ የተግባር ትምህርት ቦታ" በይው። ውሸት አይደለም፣ ያደረግሽውም ይህንኑ ነው። አንዴ ዕቅድ ውስጥ ከገባ ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ላይ ለዘርና ለመሣሪያ ትንሽ ነገር ለማውጣት የማንንም ደጅ መጥናት የለብሽም።

ከዚያ ነው ወደ ቢሮ የምትሄጂው። ይዘሽ የምትሄጂው ወረቀት ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከላይ፦ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ምዕራፍ፣ ከመጽሐፉ ገጽ ስንት፣ በጓሮው ላይ ምን ይሠራበታል። ባለሙያው ራሱ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር እንዲያያይዝልሽ አትጠብቂ፣ ጊዜ የለውም። ከታች፦ ምን ትጠይቂያለሽ። ሦስት ነገር ጠየቅሽ፣ ውሃ፣ አጥርና ክፍለ ጊዜ። ሦስቱ የሦስት የተለያዩ ሰዎች ውሳኔ ናቸው! ክፍለ ጊዜውን ርዕሰ መምህሩ ይጨርሰዋል። አጥሩን ወላጅ። ከቢሮ የምትፈልጊው አንድ ብቻ ነው፤ ጓሮው በትምህርት ቤቱ የሱፐርቪዥን ቼክሊስት ላይ እንዲገባ። ተራ ነገር ይመስላል። ግን ሱፐርቫይዘር በመጣ ቁጥር "ጓሮው የት ደረሰ?" ከተባለ ማንም ርዕሰ መምህር ችላ አይለውም። እኔ ነኝ የምልሽ።

አንድ ሌላ ነገር። ቢሮው ስለ አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ጀምሮ፣ ስለ ሌማት ትሩፋት ደግሞ ከ2015 ወዲህ ሪፖርት አምጡ ይባላል። አንቺ ቁጥር ካለሽ፣ ስንት ችግኝ፣ ስንት ተማሪ፣ ስንት መደብ፣ ለእነሱ ሸክም ማቅለያ ነሽ። በየሩብ ዓመቱ ሳትጠየቂ ግማሽ ገጽ ላኪላቸው።

ደግሞ ባለሙያውን ጋብዢው። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ሳይሞቅ። ንግግር አታድርጊ። ልጆቹ ያስረዱት። በመጨረሻም ቆስጣ አስረሽ ቢሮ እንዳትወስጂ አደራ፣ በኋላ ሌላ ስም ይወጣለታል።

አልዋሽም

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው ግን ሰው የማይናገረውን እኔ ልናገር። ቆስጣውን ማን በላው?

የነበርኩበት አንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ጓሮ ነበረው። ትልቅ። ለጉብኝት ጊዜ ቢልቦርድ ሁሉ ተሰቅሎለት ነበር። ልጆቹ ከሰዓት በፀሐይ ይቆፍራሉ፣ ውሃ በባልዲ ይሸከማሉ፣ ምርቱ ሲደርስ ሐሙስ ማታ በፌስታል እየተቋጠረ ወደ መምህራን ቤት ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር እኛ የምንቀምሰው መቼ ነው?" ሲል መልስ የሰጠው አልነበረም። እኔም ፌስታል ይዤ ነበር፣ አልዋሽም። ልጁ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ያፈርኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። በኋላ ወላጆች ሰሙና "ልጄን የላክሁት ለቀለም ነው፣ ለቀን ሥራ አይደለም" ብለው ተነሡ፣ ነገሩ ቢሮ ደረሰና ተዘጋ። ልክ ነበሩ።

አንዳንዱ የቢሮ ሰው ጓሮ ሲባል ፊቱን የሚያዞረው እንዲህ ዓይነት ነገር ስላየ ነው። ስለዚህ መምህርት፣ ወረቀትሽ ላይ ምርቱ የት እንደሚሄድ በግልጽ ጻፊ። ለልጆቹ ከሆነ ለልጆቹ። ተሽጦ ዘር ይገዛበታል ከሆነ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባ። ደብተር ይኑር፣ ዛሬ ይህን ያህል እስር ተቆረጠ፣ ለእገሌና ለእገሊት ክፍል ተሰጠ። ደግሞ ቁፋሮ ቅጣት እንዳይሆን! ያረፈደ ተማሪ "ሂድ ጓሮ ቆፍር" ከተባለ በቃ፣ ልጁ ዕድሜ ልኩን መሬት ይጠላል።

የሳይንሷ መምህርት

@አልዋሽም ኧረ ይሄ ነገር ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የእኛ ትንሽ ስለነበር ልጆቹ ተከፋፈሉት፣ ግን አልጻፍነውም። ጋሼ፣ ደብዳቤውን የጻፍነው የካቲት 12 ነው። 😅 ቼክሊስቱን በጭራሽ አላሰብኩትም።

ጠብታ በጠብታ

የመስኖ ሰው ነኝ፣ ስለ ወረቀቱ አላውቅም። ስለ ውሃው ግን ልናገር፣ ምክንያቱም ቢሮውም ርዕሰ መምህሩም የሚፈሩት የውሃ ቢሉን ነው። "ውሃ ስጡን" አትበሉ። ስንት ሊትር እንደሆነ ንገሯቸው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ድሬ ሞቃት ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሞቃት ቀን አትክልት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ውሃ ይጠጣል ብለሽ ያዢ። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። መደብሽ 10 ካሬ ከሆነ በቀን ከ50 እስከ 70 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። አራት መደብ ከሆነ አሥራ ሁለት ጀሪካን። ይህን ለልጅ አታሸክሚም፣ ስለዚህ ወይ ቧንቧ ይቅረብ ወይ መደቡ ይቀንስ። እኔ ብሆን በሁለት መደብ እጀምራለሁ። ደረቅ ሣር ወይም ገለባ መሬቱ ላይ ካለበስሽ ደግሞ ፍጆታው ይቀንሳል፣ አረሙም ይቀንሳል። የቅንጬ አረም (ፓርቴኒየም) ግን ለማልበስ እንዳትጠቀሚ! በተለይ አበባ ካወጣ ዘሩን ራስሽ ዘራሽው ማለት ነው፣ ቆዳም ያሳክካል፣ ልጆች በባዶ እጅ አይንቀሉት።

የድሬ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፣ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አንዱ ፕሮጀክት መጥቶ የሚያምር የጠብታ መስኖ ቱቦ ቢሰጥሽ በደስታ ተቀበዪ፣ ግን ቀዳዳው በኖራ ይደፈናል፣ የሚያጸዳው ሰው ከሌለ በዓመቱ ቆሻሻ ነው። የሀይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑን በመርፌ በስተሽ ዘቅዝቀሽ ከሥሩ አጠገብ መቅበር ይሻላል። ሲደፈን ትቀይሪዋለሽ፣ ዋጋው ዜሮ ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የእናንተ የትምህርት ዓመት ለጓሮ አይመችም የሚሉ አሉ፣ ለድሬ ግን ይመቻል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ከዘራሽ እስከ ጥር ቀዝቀዝ ያለው ወቅት ነው፣ ቆስጣና ሰላጣ ያኔ ነው የሚያምርባቸው። አንደኛው ሴሚስተር ሳይዘጋ ልጆቹ ይቀምሳሉ። ከሚያዝያ በኋላ በቅጠላ ቅጠል አትድከሚ፣ ፀሐዩ ይቀቅለዋል። ያኔ ሽፈራው ይኑርሽ። ሽፈራው አንዴ ከያዘ ድሬ ላይ ምንም አይበግረው። አጥር ዳር ከሆነ ደግሞ ጥላም ነው። በቃሪያው ላይ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥጥ ትንንሽ ተባይ) ካየሽ የኒም ቅጠል ቀጥቅጠሽ አሳድረሽ አጥልለሽ ትንሽ ሳሙና ጨምረሽ እርጪ፤ ኒሙ መንገዱን ሁሉ ሞልቶታል፣ ኬሚካል ልጆች ባሉበት አይገባም።

ግቢው ተዳፋት ከሆነ መደቡን አግድም አውጪ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱን ወንዝ ላየ የድሬ ሰው ስለ ጎርፍ ማስረዳት አያስፈልግም።

ቶኒ እርሻን ታውቂዋለሽ? እዚሁ ድሬ ውስጥ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ቦታ። ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባል ሥራ አለባቸው። በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ይዘሽ ብትጠይቂ ምክርም ችግኝም ይገኝ ይሆናል፣ ሞክሪ።

ከጁገል

አቦ እናንተ ድሬዎች ውሃ ውሃ ትላላችሁ፣ እኛ ሐረሮች ምን እንበል። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ጀሪካን ይዘን ያደግን ትውልድ ነን። 😄

የመስኖው ወንድሜ ስለ ፍየሉ ምንም አላለም፣ እኔ ልበል። እዚህ ሐረር የልጆቼ ትምህርት ቤት ወተመህ ውስጥ ነኝ። እኛም ሁለት ክረምት ተበልተናል። አጥር ሠራን፣ ፍየል ዘለለ። እሾህ አደረግን፣ ልጆች ተወጉ። መፍትሔው አጥር አልነበረም፣ ሰው ነበር። ትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚኖሩ ሦስት እናቶች ክረምቱን በሙሉ ይንከባከቡታል፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያፈራውን በሙሉ እነሱ ይወስዱታል። በጽሑፍ ነው የተስማማነው። ፍየሏም የአንደኛዋ ነበረች! ከዚያ ወዲያ ገብታ አታውቅም።

ስለ ቢሮ ደግሞ፣ እኛ ጋ በሩን የከፈተልን ቋንቋ ነው። በየመደቡ ላይ የሚሰካውን ስም ልጆቹ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ጻፉት። በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ፣ በቀለም። አንዷ ትንሽ ልጅ የጤና አዳምን ስም በሐረሪ ስላላወቀች አያቷን ጠይቃ መጣች፣ አያትየዋ በማግሥቱ ራሳቸው መጡ፣ "ይሄ የት ነው የተተከለው፣ እስቲ አሳዩኝ" ብለው። ለምን እንደሚጠቅም አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱን። የቋንቋ መምህራኑም ጓሮው የሳይንስ ብቻ ነው ማለት ተዉ። የቢሮ ሰዎች መጥተው ሲያዩ ፎቶ ያነሡት ቆስጣውን አይደለም፣ ቆርቆሮዎቹን ነው። እናንተም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ታስተምሩ የለ? ሞክሩት።

የከዚራ ልጅ (ባሕር ማዶ)

ከካሊፎርኒያ ነኝ፣ ግን ከዚራ ነው ያደግሁት። እዚህ በርክሌይ የሚባል ከተማ አለ፣ በትምህርት ቤት ጓሮ ስሙ የታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሊስ ዎተርስ የምትባል የምግብ ቤት ባለቤት በማርቲን ሉተር ኪንግ መካከለኛ ትምህርት ቤት ግቢ አስፋልት የነበረውን ቦታ ወደ ጓሮ አስለወጠች። ሰው ይህንን ነው የሚያወራው። እኔን የሚገርመኝ በኋላ የመጣው ነው።

በከተማው ሌሎች ትምህርት ቤቶችም የጓሮና የምግብ ማብሰል ትምህርት ነበር፣ አብዛኛው ገንዘብ ግን ከፌዴራል የሥነ ምግብ ፕሮግራም ነበር የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2013 ያ ገንዘብ ተቋረጠ። ዲስትሪክቱ፣ እንደ እናንተ ትምህርት ቢሮ ማለት ነው፣ ፕሮግራሙን ይወደው ነበር፣ ግን በራሱ በጀት ውስጥ አልነበረም። መውደድና በጀት መያዝ ለየቅል ናቸው። ወላጆች ገንዘብ ሲያዋጡ ከረሙ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 የከተማው ሕዝብ በስኳር በጣፈጡ መጠጦች ላይ ለአንድ አውንስ (30 ሚሊ ሊትር ገደማ) አንድ ሳንቲም ቀረጥ እንዲጣል በድምፁ ወሰነ። ገንዘቡ የሚገባው ወደ ከተማው ካዝና ነው፣ ምክር ቤቱ ግን ከዚያ ላይ ለትምህርት ቤቶቹ ጓሮና ማብሰያ እየመደበ መስጠት ጀመረ። (ድሬ ላይ በለስላሳ ቀረጥ ቢጣል፣ በግንቦት ሙቀት ብቻ ስንት ጓሮ በለማ።)

ስለዚህ ጋሼ ያሉት "ዕቅድ ውስጥ ይግባ" የሚለው እዚህም ያው ነው። አንዱ ድርጅት መጥቶ ሁሉን እችላለሁ ቢልሽ እሺ በይ፣ ግን ቢያንስ አንድ ነገር፣ ዘሩም ቢሆን፣ ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ይገዛ። ድርጅቱ ሲወጣ መስመሯ ዕቅዱ ላይ ትቀራለች። እዚህ ያሉ የድሬ ልጆች ገንዘብ ማዋጣት አያቅተንም፣ ብቻችንን እንድንሸከመው ግን አትፍቀዱ። እኛም እንሰለቻለን፣ እውነቱ ይሄ ነው።

የሳይንሷ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሌሊቱን ስታነብ አደረች በሉኝ።

ዛሬ ርዕሰ መምህሩን አናገርኩት። በሁለት መደብ እንጀምር፣ ስድስት ጀሪካን በቀን፣ ቧንቧው ዳር ስለሆነ ልጅ አይሸከምም ስለው "ስድስት ብቻ? እኔ ታንከር የምትሉኝ መስሎኝ ነበር" ብሎ ሳቀ። ሐሙስ ወተመህ ይሰበሰባል፣ አጀንዳ ተራ ቁጥር 3 አድርጎ አስገብቶናል። የምርቱን ደብተር ለ8ኛ ክፍሏ የክበብ ጸሐፊ ሰጥቻታለሁ፣ እሷ ከኦዲተር ትብሳለች።

ቢሮ አሁን አልሄድም። ኅዳር ላይ ቆስጣው ሲደርስ ባለሙያውን እጋብዛለሁ፣ የአንድ ገጹን ወረቀት ሚያዝያ ላይ አስገባለሁ። ጋሼ፣ ከመላኬ በፊት ቢያዩልኝ? በውስጥ መስመር እልክልዎታለሁ።

@ከጁገል የፍየሉን ባለቤት ጠይቄ አገኘኋቸው። ጥበቃችን ናቸው። 😂 ክረምቱን እንዲይዙት ልጠይቃቸው ነው።

ጡረተኛው ሱፐርቫይዘር

ላኪ ልጄ። የወተመህ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን ቀኑን እንዳትረሺ፣ ሁሉም የሚረሳው እሱን ነው።